ምዕራፍ ሰባት፦ ማቆም ያቃተው ጠባሳ

ጎፋ ውስጥ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ እስከ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ድረስ፣ አልትራሳውንድ የሚያነሳ ክሊኒክ ፈልጎ ማጣት ይከብዳል። ሆዱን ወይም ወገቡን ያመመው ሰው ይገባል፤ ቀዝቃዛው ቅባት ይቀባል፤ ብዙም ሳይቆይ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ቤት ሲደርስ ወረቀቱን የሚያነበው የቤቱ ተማሪ ነው። «ማስ ይላል» ብሎ ይነግራቸዋል። ሆድ ውስጥ እብጠት ታይቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ወረቀቱ አልተናገረም። የቀረውን ግን ቤተሰቡ ራሱ ይሞላዋል። ያ ክፉ ስም ሳይጠራ ሁሉም ሰምቶታል። ታላቅ ወንድም ለታማሚው እንዳይነገር ያስጠነቅቃል፤ አክስት ከክፍለ ሀገር ትጠራለች፤ እናት እንባዋን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሆድ ውስጥ የሚያድግ ጠንካራ ነገር ሁሉ ካንሰር አይደለም። አንዳንዱ ዕጢ ነው፤ ግን ካለበት ተነስቶ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አንጎል አይዘምትም። አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ ዕጢ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያሠራው ጠባሳ ነው። አንዳንዱ ትል ያመጣው፣ አንዳንዱ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ያበቀለው ነው። በአልትራሳውንድም ሆነ በሲቲ ስካን ፎቶ ላይ እነዚህ ሁሉ ካንሰርን ሊመስሉ ይችላሉ፤ እርስ በርስም ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ከእብጠቱ ተቆንጥሮ በማይክሮስኮፕ የሚነበብ ናሙና ነው። ናሙናው ሳይነበብ ሆድ መክፈት፣ ናሙናው ሳይነበብ መድኃኒት መጀመር፣ ናሙናው ሳይነበብ ሰውን በቁሙ ማልቀስ የሚያስከፍሉት ዋጋ ከባድ ነው። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ጠባሳ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ቆዳ ተቆርጦ ደሙ ከረጋ በኋላ ወደ ቁስሉ የሚሰበሰቡ ሕዋሳት አሉ፤ ፋይብሮብላስት ይባላሉ። ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር እያመረቱ የተለያየውን ያገናኛሉ፤ ከእነርሱም መካከል እንደ ጡንቻ እየተኮማተሩ የቁስሉን ከንፈሮች የሚያቀራርቡ አሉ። ሥራቸው ሲያልቅ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጠባሳው ይቀራል። ወደ ሥራ የሚጠራቸውም የሚያሰናብታቸውም በዋናነት የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ እንዲጠግኑ የተጠሩ ግንበኞችን አስቡ። ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ «በቃ» የሚላቸው አሠሪ ከጠፋ፣ ልስን በልስን ላይ እየደረቡ መስኮቱንም በሩንም ይደፍኑታል። ሆድ ውስጥ የሚደፈነው የሽንት ቱቦ ነው፣ የሐሞት መውረጃ ነው፣ አንጀት ነው፣ የደም ሥር ነው። ጠባሳው መርዝ የለውም። የሚጎዳው በማነቅ ነው።

ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ፣ ከአከርካሪው ፊት ለፊት፣ ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ያልፋል፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱት ሁለቱ የሽንት ቱቦዎች አሉ። በዚህ ስፍራ አንዳንዴ ነጭና ጠንካራ ጠባሳ ተነጥፎ ደም ሥሩን ይከብባል፤ ቱቦዎቹንም ወደ መሐል እየጎተተ ያንቃል። ይህን በመጀመሪያ የገለጸው ኩባ ተወልዶ ፓሪስ የሠራው የኩላሊትና የሽንት ቱቦ ቀዶ ሐኪም ጆአኪን አልባራን ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1905 ነበር። ከዚያ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኦርመንድ የሁለት ሕሙማኑን ታሪክ ሲጽፍ ነው የሕክምናው ዓለም ራሱን እንደቻለ በሽታ የተቀበለው፤ እስከ ዛሬም በእርሱ ስም የሚጠሩት አሉ። በፊንላንድ የተደረገ ጥናት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው 1 ያህል፣ በኔዘርላንድስ የተደረገ ደግሞ 13 ያህል አዲስ ታማሚ አግኝቷል። አብዛኞቹ ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉ ናቸው፤ ወንዶች ከሴቶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበዛሉ፤ ሲጋራ ማጨስም አደጋውን ከፍ ያደርገዋል።

ምልክቱ ማንንም አያስደነግጥም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ወገብን ወይም ጎንን ቀስ ብሎ የሚይዝ፣ ሌሊት የማይለቅ ደብዘዝ ያለ ሕመም ነው። ድካም ይኖራል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ አንዳንዴ እግር ያብጣል። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፤ አንዱ «ብርድ መትቶህ ነው» ይለዋል፣ ሌላው «ኩላሊትህ ነው፣ ውኃ ጠጣ» ይለዋል፣ ፋርማሲው ዲክሎፌናክ ይሰጠዋል። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ደግሞ የታነቀ ኩላሊት ላይ ሲጨመሩ ጉዳቱን ያብሱታል። ሽንት መውረጃ ሲያጣ ኩላሊት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኩላሊት ያብጣል፤ ወራት ሲያልፉ መሥራቱን ይተዋል። ስለዚህ ሳምንታት ያለፉት የወገብ ሕመም ያለው ጎልማሳ ቢያንስ የሽንት ምርመራ፣ የደም ክሬአቲኒንና የኩላሊት አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። ሦስቱም በአዲስ አበባ የሚገኙ ናቸው። ኩላሊቱ ካበጠ የመጀመሪያው ሥራ ጠባሳውን ማጥፋት አይደለም፤ በቱቦው ውስጥ ቀጭን ማስተላለፊያ ከትቶ ሽንቱን ማስወረድ ነው። የጠባሳው ምክንያት ከዚያ በኋላ በእርጋታ ይፈለጋል።

ምክንያቱ አንዳንዴ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለማይግሬን ራስ ምታት ሜቲሰርጃይድ የተባለ መድኃኒት በብዛት ይሰጥ ነበር። አሜሪካዊው የራስ ምታት ሐኪም ጆን ግራሃም ይህን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከወሰዱት መካከል ሆዳቸው በስተጀርባ ጠባሳ የሚያበቅሉ እንዳሉ አስተዋለ፤ መድኃኒቱ ሲቆም የብዙዎቹ ጠባሳ ሸሸ። ሜቲሰርጃይድ የተሠራው ኤርጎት በተባለው ሻጋታ ውስጥ ከሚገኙት ኬሚካሎች ቤተሰብ ነው። ኤርጎትን ኢትዮጵያ በሌላ ፊቱ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1978 በወሎ፣ ከዚያም በ2001 በአርሲ፣ ይህ ሻጋታ የያዘውን እህል የበሉ ገበሬዎች ጣታቸውና እግራቸው ደም እያጣ ጠቁሮ ደርቋል፤ የሞቱም አሉ። ያ በአንድ ጊዜ በብዛት የገባ መርዝ ደም ሥርን ያጠበበበት ነው፤ የሆድ ጠባሳ አላመጣም። ግን ያው የኬሚካል ቤተሰብ በትንሽ በትንሹ፣ ለዓመታት ሲወሰድ ሌላ ጉዳት እንዳለው ያየነው ከማይግሬን ሕሙማን ነው። ሐኪም «ምን ምን ዓይነት ኪኒን ትወስዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ለራስ ምታት ከፋርማሲ የሚገዛውንም መናገር የሚገባው ለዚህ ነው።

ምክንያቱ መድኃኒትም ሌላም ሳይሆን ሲቀር ለረጅም ጊዜ «ያልታወቀ» እየተባለ ይታለፍ ነበር። ከእነዚህ ያልታወቁት ብዙዎቹን አንድ ቤተሰብ ውስጥ የሰበሰባቸው ግኝት የመጣው ግን ከወገብ ሐኪም ወይም ከኩላሊት ሐኪም አይደለም፤ ከቆሽት ሐኪሞች ነው።

ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን ሰዉ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይላል፤ ብዙ ታማሚም መጀመሪያ የሚሄደው የወፍ መድኃኒት አዋቂ ወደሚባል ሰው ነው። የጉበት ቫይረስ ያመጣው ቢጫነት አንዳንዴ በራሱ ስለሚለቅ ቅጠሉ ፈወሰ ይባላል። ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ሳያመው ቢጫ የሆነ፣ ሰውነቱ የሚያሳክከውና ሽንቱ የጠቆረ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሲቲ ስካኑ የቆሽቱ ራስ አብጦ የሐሞቱን መውረጃ እንዳነቀው ያሳያል። እንዲህ ያለ ፎቶ ያየ ሐኪም ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የቆሽት ካንሰርን ነው፤ ማሰቡም ልክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ነውና። ሊወጣ የሚችል ከሆነ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በሆድ ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው፤ የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱና የሐሞት መውረጃው አብረው ይወጣሉ። በዓለም ዙሪያ ይህ ሁሉ ተደርጎላቸው፣ የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድም የካንሰር ሕዋስ ያልተገኘባቸው ሰዎች ነበሩ። የተገኘው ጠባሳና የመከላከያ ሕዋሳት ብቻ ነው።

በማርሴይ ሳርልስና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለ የቆሽት መጠንከርን እ.ኤ.አ. በ1961 ጽፈውበታል። በ1995 ዮሺዳና ባልደረቦቹ በጃፓን «የሰውነት መከላከያ ያመጣው የቆሽት ብግነት» የሚል ስም ሰጡት፤ በኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት እንደሚሸሽም አሳዩ። ቁልፉ የተገኘው በ2001 ነው። በማትሱሞቶ ከተማ፣ በሺንሹ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐማኖና ባልደረቦቹ የእነዚህን ሕሙማን ደም ሲመረምሩ አይጂጂ-4 የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ አገኙት። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ይህ ፀረ እንግዳ አካል ከአራቱ የአይጂጂ ዓይነቶች ሁሉ አነስተኛው ነው፤ ከጠቅላላው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ካሚሳዋ ከቶኪዮ ሌላ ነገር ጨመረ፦ በሽታው ቆሽት ላይ ብቻ አይደለም። የዚያው ሰው የሐሞት መውረጃ፣ የምራቅ ዕጢ፣ የንፍፊት ዕጢዎች ሁሉ አይጂጂ-4 በሚያመርቱ ሕዋሳት ተሞልተው ተገኙ።

በዚህ ጊዜ የቆዩ የሕክምና መጻሕፍት እንደገና ተገለጡ። እ.ኤ.አ. በ1888 ሚኩሊች የተባለው ቀዶ ሐኪም የእንባና የምራቅ ዕጢዎቹ ያበጡበትን ገበሬ ገልጾ ነበር፤ ያ በሽታ የዚህ ቤተሰብ ሆነ። እንደ እንጨት የሚጠነክረው የእንቅርት ዓይነት፣ ከኦርመንድ በሽታም ከፊሉ፣ እንዲሁ እዚህ ገቡ። በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ ሐኪም፣ በተለያየ ስም ሲታከሙ የኖሩ ሕመሞች አንድ ምንጭ ነበራቸው። እኔ ከሕክምና ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ተበታትኖ የቆየ ነገር በአንድ የደም ምርመራ ተሰበሰበ።

ሆኖም የደም ምርመራው ብቻውን አይፈርድም። መጠኑ በዴሲሊትር ከ135 ሚሊግራም ሲያልፍ ከፍ አለ ይባላል፤ ነገር ግን በሽታው እያለባቸው ልኩ የተስተካከለ ብዙ ሰዎች አሉ፤ የቆሽት ካንሰር ካለባቸውም ከ10 አንዱ ገደማ ከፍ ይልበታል። ስለዚህ ፍርዱ ወደ ናሙናው ይመለሳል። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ በመከላከያ ሕዋሳት የታጨቀ ሥጋ፣ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ የሚሄድ የኮላጅን ክር፣ በጠባሳ የተደፈኑ ትናንሽ ደም መላሾች። ከዚያም በልዩ ቀለም አይጂጂ-4 የሚያመርቱትን ሕዋሳት ይቆጥራል። ይህ ልዩ ቀለም በሁሉም ቤተ ሙከራ አይገኝም፤ ሦስቱን ምልክቶች ግን ማንኛውም በመደበኛው ቀለም የሚሠራ የፓቶሎጂ ክፍል ሊያያቸው ይችላል፤ ሐኪሙ ከጠረጠረና ናሙናው በቂ ከሆነ። በሲሪንጅ መርፌ የተሳበች ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ አትበቃም፤ በወፍራም መርፌ የወጣ ሙሉ ቁራጭ ያስፈልጋል። ታማሚ ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

እስካሁን ያየነው ጠባሳ ነው። ዴስሞይድ ግን ዕጢ ነው። እዚህ ጥፋቱ ከጠሪው ከመከላከያ ሥርዓቱ አይደለም፤ ፋይብሮብላስቱ ራሱ ተበላሽቷል። አብዛኛውን ጊዜ ቤታ ካቴኒን በተባለው ፕሮቲን ዘረመል ላይ በደረሰ ለውጥ የተነሳ «እደግ» የሚለው ትእዛዝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1832 በግላስጎው ማክፋርሌን የተባለ ሐኪም ነው በመጀመሪያ የገለጸው። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ2 እስከ 5 ይይዛል፤ ሴቶች ይበዛሉ፤ በተለይ በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ባሉት ዓመታት የሆድ ግድግዳ ላይ ይወጣል። በኦፕሬሽን የወለደች እናት ጠባሳዋ አጠገብ የማያም ጠጣር እብጠት ብታገኝ ከሚጠረጠሩት አንዱ ይህ ነው። እብጠቱ በወር አበባ ቀን የሚያም፣ ከዚያ የሚተው ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠረጠራል፤ በኦፕሬሽኑ ጊዜ ከማሕፀን ግድግዳ ወጥቶ ጠባሳው ውስጥ የተቀበረ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካንሰር አይደሉም።

ዴስሞይድ ወደ ሌላ አካል አይዘልም፤ ያለበትን ግን ሥር እየሰደደ ይወራል። ለዚህም ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ሰፋ አድርገው ይቆርጡት ነበር። ቆረጡት፤ ተመለሰ። እንደገና ቆረጡት፤ እንደገና ተመለሰ። መቁረጡ ራሱ ቁስል ነውና ፋይብሮብላስትን ይቀሰቅሳል። ዛሬ በዓለም ላይ ተቀባይነት ያገኘው መንገድ ናሙናው ዴስሞይድ መሆኑን ካረጋገጠና ዕጢው አንጀት ወይም ደም ሥር ካላነቀ በኤምአርአይ እየተከታተሉ መጠበቅ ነው። ብዙዎቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ከ5 ቢያንስ የአንዱ በራሱ ይሟሽሻል። ለሚያድገው ዓይነት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ኒሮጋሴስታት የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ለዚህ ዕጢ ብሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው ነው። ዕጢ ይዞ «ጠብቁ» መባል ለቤተሰብ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ሐኪሙ ቸል ያለ፣ ገንዘብ ስለሌለን የተወን ይመስላል። እዚህ ላይ ግን መጠበቁ ራሱ ሕክምና ነው፤ የቀጠሮ ቀን የተቆረጠለት፣ ሴንቲሜትሩ እየተለካ የሚመዘገብ እስከሆነ ድረስ። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ካለ ይህ ለሐኪሙ መነገር አለበት፤ በአንጀት ውስጥ በብዛት ከሚበቅሉ ቡቃያዎች ጋር በዘር የሚመጣ የዴስሞይድ ዓይነት አለና።

ከዕጢ ወደ ጠባሳ ስንመለስ፣ አንጀትን ከሆድ ጀርባ ጋር የሚያያይዘው ስብ የተሞላ መጋረጃ የሚቆጣበትና የሚጠነክርበት በሽታም አለ። ብዙ ጊዜ ለሌላ ነገር በተነሳ ሲቲ ስካን በአጋጣሚ ይታያል፤ ከታየባቸውም አብዛኞቹ መድኃኒት እንኳ አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ እኛ አገር እንመለስ። ጎፋ ውስጥ የሚኖር ጎልማሳ ሁሉ ጎፋ አልተወለደም። ሆዱ የሚያውቀው ወንዝ የከሚሴ ሊሆን ይችላል፤ የጣና ዳር ወይም የዝዋይ ዳር ሊሆን ይችላል። ብልሃርዚያ የሚያመጣው ትል በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይኖራል፤ እንቁላሎቹ ወደ ጉበት ይወሰዳሉ። የሚገርመው ትሉ ራሱ ብዙ አይጎዳም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት እያንዳንዱን እንቁላል በሕዋሳት ይከብባል፣ ከዚያ በጠባሳ ይቀብረዋል፤ ወደ ጉበት የሚገቡት የደም ሥሮች ዙሪያቸውን በነጭ ጠባሳ ይታጠራሉ። ሲመርስ የተባለ ሐኪም ይህን መልክ ግብጽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1904 ገልጾታል። ደሙ መተላለፊያ ሲያጣ ጣፊያ ያብጣል፤ የጉሮሮ ደም ሥሮች ይወጠሩና ይፈነዳሉ፤ ሰው ደም ያስታውካል። በዓለም ላይ በሰውነት መከላከያ አማካይነት ከሚመጡት የሆድ ጠባሳዎች በብዛት ከሚገኙት አንዱ ይህ ነው፤ የእኛም ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያዩት ይህን በሽታ ሲያጠኑ ነው። ትሉን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣው ነውና እንዶድ በሽታውን ከምንጩ ለማድረቅ ተስፋ ሰጠ፤ አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ሆድ ከመዳሰሱ በፊት ይጠይቃል፦ «እማማ፣ የት ነው ያደጉት? ውኃ ከየት ነበር የሚቀዱት?» መልሱ ከአንድ ሲቲ ስካን የበለጠ ሊነግረው ይችላል።

የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ስሙ ያሳስታል እንጂ በሳንባ አይወሰንም። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ እዚህ ከሚታከሙትም ከሦስት የአንዱ ገደማ በሽታ ከሳንባ ውጭ ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ንፍፊቶችን ያሳብጣል፣ አንጀትን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ ውኃ ያቋጥራል፤ በፎቶ ላይ ፍጹም ካንሰር ይመስላል። በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሰው ካንሰር ነው ተብሎ ቤቱ እንዲያርፍ ሲመለስ ማየት ልብ ይሰብራል።

ነገሩ ከሁሉ የሚከብደው ግን ጠባሳውን ለማሸሽ የሚሰጠው መድኃኒት ላይ ሲደርስ ነው። ለአይጂጂ-4 በሽታም ለኦርመንድ በሽታም የመጀመሪያው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የተባለው የኮርቲዞን ዓይነት ነው። ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው አለ፤ ውጤቱ ደግሞ ተአምር የሚያስመስል ነው፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቢጫው ዓይን ነጭ ይሆናል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ የታነቀው ቱቦ ይከፈታል። «እንግዲያው ናሙና ለምን? ሰጥተን አንሞክረውም?» የሚል ፈተና የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰጥቶ መሞከር አደገኛ ነው። ሊምፎማ የተባለው የደም ካንሰር ዘመድ በፕሬድኒሶሎን ለጥቂት ሳምንታት ይሸሻል፤ ታማሚው ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ እብጠቱ ሲመለስ ግን ጊዜው አልፏል፣ በመሐሉ የሚወሰደውም ናሙና በመድኃኒቱ ተደብዝዞ አይነበብም። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰውም መጀመሪያ ይሻለዋል፤ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ምግብ ይበላል። ባክቴሪያው ግን መከላከያው በተዘጋበት ሆድ ውስጥ እንደልቡ ይባዛል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ትል ደግሞ አለ። ስትሮንጂሎይድስ ይባላል፤ በባዶ እግር ከአፈር ይገባል። ከሌሎቹ የአንጀት ትሎች የሚለየው ከሰው ሳይወጣ እዚያው መባዛት መቻሉ ነው፤ በልጅነቱ ማሳ ውስጥ የያዘው ሰው ከተማ ገብቶ፣ ጫማ አድርጎ፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶም ይዞት ሊኖር ይችላል። ምልክቱ ትንሽ ነው ወይም የለም። ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ግን ትሉ ከአንጀት ወጥቶ በሳንባና በመላ አካል ይሠራጫል፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ይዞ ስለሚሄድ ደምን ይመርዛል፤ ብዙዎችን ይገድላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ በኦንኮሰርካ ዘመቻ ሕዝባችን የሚያውቀው አይቨርሜክቲን ነው። አንድ ጊዜ የተደረገ የሰገራ ምርመራ ትሉን ሊያጣው ስለሚችል፣ ገጠር ያደገ ሰው ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሊጀምር ሲል ሐኪሙን ስለዚህ መድኃኒት መጠየቅ አለበት። የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራም እንዲሁ መቅደም አለበት፤ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ መከላከያው ሲዳከም ይነሳል። ስኳርም አለ፤ የታመመ ቆሽት ላይ ፕሬድኒሶሎን ሲጨመር የደም ስኳር ይወጣል።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ በድንገት አይቆምም። ሰውነት የራሱን ኮርቲዞን ማምረት ትቶ ስለሚቆይ፣ ያቋረጠ ሰው ደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጠኑ በወራት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። በጾም ወራት የማለዳ ኪኒናቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያዘገዩ፣ አንዳንዴም ጭራሹን የሚተዉ እናቶችና አባቶች አሉ። መድኃኒቱ ጠዋት፣ ምግብ ተቀምሶ የሚወሰድ ነው፤ የንስሐ አባት ቢጠየቁ ሕመምተኛን በጾም እንደማያስጨንቁ አብዛኛው ምእመን ያውቃል። ቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በሽታው የመመለስ ጠባይ አለው፤ አንዳንዱ ለዓመታት ክትትል ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኢነቢሊዙማብ የተባለውን መርፌ ለአይጂጂ-4 በሽታ ፈቅዷል፤ በ135 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት የማገርሸትን አደጋ በ87 በመቶ ቀንሷል። ለዚህ በሽታ ተብሎ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ዋጋው ከእኛ አቅም በጣም የራቀ ነው። ፕሬድኒሶሎን ግን እዚህ አለ፤ በትክክለኛው ሰው ላይ፣ በትክክለኛው ጊዜ ከተሰጠ ይሠራል፤ አዲሱ መድኃኒት ባለበት አገር ያሉ ሐኪሞችም የሚጀምሩት በእርሱ ነው።

የሚቀረው መንገዱ ነው። በጤና መድን የሚታከም የጎፋ ነዋሪ ከወረዳው ጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሪፈር አጽፎ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም በሜክሲኮ በኩል ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ከተማውን አቋርጦ ወደ ጳውሎስ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ወረቀት ይጠፋል፤ ሲዲ ይሰበራል፤ ካርድ ክፍል ወረፋ አለ። ስለዚህ ታማሚው ወይም አስታማሚው የራሱን ፋይል ይያዝ፤ የሲቲ ስካኑን ፎቶ፣ የክሬአቲኒኑን ልክ ከነቀኑ፣ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የፓቶሎጂውን መልስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብሎኩን። ናሙናው ከተነበበ በኋላ አይጣልም፤ በፓራፊን ሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቁራጭ ሆኖ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ይቀመጣል፤ ብሎክ የሚባለው እርሱ ነው። ለዓመታት አይበላሽም። በመጀመሪያው ቤተ ሙከራ ያልነበረው ልዩ ቀለም በሌላው ሊኖር ይችላል፤ ዛሬ «ሥር የሰደደ ብግነት፣ ካንሰር አልታየም» ብቻ የተባለለት ሥጋ ነገ በሌላ ሐኪም ዓይን አይጂጂ-4 ወይም ዴስሞይድ ሊባል ይችላል። ሆድ እንደገና ሳይከፈት፣ መርፌ ሳይገባ፣ ያችው ቁራጭ ተቀርፋ እንደገና ትነበባለች። የብሎኩ ቁጥር በመልሱ ወረቀት ራስጌ ላይ ይጻፋል፤ የቤቱ ተማሪ በመጀመሪያ ሊያነብላቸው የሚገባው እሱን ነው።